ወንድሜ ሊጫወት፣ እኔ ልደግፍ ዱራሜ ስንሄድ

ይህን የምጽፈው ዱራሜን አይታችሁ ለማታውቁ ነው። እኔም እስካለፈው ዓርብ ድረስ አይቼው አላውቅም ነበር። የምሠራው ሆሳዕና መናኸሪያ በር ላይ ባለች ሻይ ቤት ውስጥ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ወያሎች «ዱራሜ! ዱራሜ! አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ሲጣሩ እሰማለሁ። ታላቅ እኅቴ አስቴር እዚያ ከተዳረች ዓመታት አልፈዋል። እሷ ለበዓል ትመጣለች እንጂ እኔ ሄጄ አላውቅም። ለሚጠይቀኝ ሰው ሥራ ይዞኝ ነው እላለሁ፤ እውነቱ ግን ሰው ቤት መግባት ስለሚያስፈራኝ ነው።

በዚህ ጊዜ መቅረት አልቻልኩም። ታናሽ ወንድማችን ማርቆስ በሰፈራችን ቡድን ውስጥ የግራ ተከላካይ ነው። ቡድኑ ቅዳሜ ከዱራሜዎቹ ጋር በእነሱ ሜዳ ይጫወታል፤ ካሸነፈ ወደ ላይኛው ሊግ ያልፋል፤ እዚያ ተጫዋች ደመወዝ አለው። አቻ ከወጣም፣ ከተሸነፈም ነገሩ አበቃ። በሌላው ቤት የሚያበቃው ኳሱ ነው። በእኛ ቤት ማርቆስ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል። ከእናቴ ጋር የተስማሙት እንዲህ ነበር። የአስቴር ባል ደሳለኝ እዚያ ሱቅ አለው፤ «ይምጣ፣ ቦታ አለኝ» ብሏል። ደላላው ሰኞ ጠዋት ቁርጡን ለመስማት ይመጣል። በአካባቢያችን በዚያ መንገድ ልጅ ያልሸኘ ቤት ጥቂት ነው። ደርሶ የደወለ አለ፤ እስካሁን ያልደወለም አለ።

ስለዚህ የሻይ ቤቱን ባለቤት ፈቃድ ጠየቅኋት። «አንቺ? ኳስ?» አለችና በሳቅ ፍርስ አለች። ፈቀደችልኝ ግን።

ዓርብ

ተጫዋቾቹ ጠዋት በሚኒባስ ቀደሙ። እኛ ደጋፊዎች ከምሳ በኋላ በቅጥቅጥ ተነሣን። ሁላችንም ቢጫ ቲሸርት ለብሰናል፤ የእኔ በጣም ሰፊ ስለነበር ወደ ጉልበቴ ይወርዳል። ሴቶች እኔና አንዲት ሙዝ ነጋዴ ብቻ ነን። የሚያስጨፍረን ጋሽ ታደለ ይባላል፤ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የድምፅ ማጉያውን ከአንገቱ አያወርድም።

አንድ ችግር ነበረብን። አብዛኞቻችን ቸርች ያደግን ስለሆንን ዘፈን አናውቅበትም። ጋሽ ታደለ ቆሞ «ዱራሜን እናሸንፋለን!» ሲል መኪናው ሙሉ በአንድ ድምፅ «አሜን!» አለ።

«ኧረ በጌታ!» አለ ጋሽ ታደለ። «ሜዳ ላይ አሜን አይባልም። እኔ ‹ማን ያሸንፋል?› ስል እናንተ ‹እኛ!› ትላላችሁ። ገባችሁ?»

«አሜን!»

ሾፌሩ በሳቅ መሪውን ሊለቅ ምንም አልቀረውም።

ከወረዳችን ከሌሞ እስክንወጣ ድረስ አገሩ ያው የማውቀው ነው፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ በጋሪ ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው። ዶዮገናን ካለፍን በኋላ ግን ዳገቱ በዛ፤ ቤቱም እየተጠጋጋ ሄደ። እኛ ጋ ከአንዱ ደጅ እስከ ሌላው ደጅ ከብት የሚግጥበት ሜዳ አለ። እዚያ ግን አንዱ ሰው ቢያስነጥስ ጎረቤቱ «ይማርህ» የሚለው ከአልጋው ሳይነሣ ይመስለኛል። እንሰቱ የእኛው እንሰት ነው፤ አተካከሉ ግን የእነሱ ነው፤ ቁልቁለቱን ይዞ በረድፍ ይወርዳል።

አንዱ ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማችን ጭቃ ውስጥ ገባ። ወንዶቹ ወርደው ገፉ፤ መኪናው ይብሱን ሰጠመ። የጋሽ ታደለ አዲስ ሱሪ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆነ። ወዲያው ከላይ ካለው ጓሮ አንድ ሽማግሌ ከልጆቻቸው ጋር መጡ። አንድም ነገር ሳይጠይቁ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ከጎማው ሥር ያነጥፉ ጀመር። እኛም አገር እንዲህ ይደረጋል፤ እሳቸው ግን ቅጠሉን ገልብጠው፣ ሸካራውን በላይ አደረጉት፤ ይህን ከዚያ ተምሬ መጥቻለሁ። መኪናው ሲወጣ ቲሸርታችንን አዩ።

«ኳስ ናችሁ?»

«አዎ፣ አባባ። ከሆሳዕና ነን።»

«ከዱራሜ ልትጫወቱ?» አሉና ልጆቻቸውን አዩ። «አዬ! ባወቅን ኖሮ እዚሁ እንተዋችሁ ነበር!»

ልጆቹ ሳቁ። ግን ሽማግሌው እጃችንን የምንታጠብበት ውሃ እስኪመጣ አልለቀቁንም፤ ድንችም አስቀቀሉልን። በመንገድ ዳር ቆመን ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ በላን።

ዱራሜ ስንደርስ ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቅ ብላ ነበር። ከተማው ከአምበሪቾ ተራራ ሥር ነው። ሆሳዕና ላይ ቀና ስትሉ የምታዩት ሰማይ ነው፤ እዚያ ግን ቀና ስትሉ ተራራው ያያችኋል። ሌሎቹ ወደ አልጋ ቤት ሲሄዱ እኔ ወደ እኅቴ ቤት ለመሄድ ባጃጅ ያዝኩ። አስቴር በስልክ «ከካቶሊክ ትምህርት ቤቱ አለፍ እንዳልሽ ‹ወራጅ› በዪ» ብላኝ ነበር። ትምህርት ቤቱን አየሁት። አለፍን። «ወራጅ» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ ግን አልወጣም። አጠገቤ ሦስት ወንዶች ነበሩ። እንዲሁ ዝም እንዳልኩ ባጃጁ መጨረሻው ድረስ ወሰደኝ፤ ሁሉም ወርደው ሄዱ፤ እኔ ቀረሁ።

«እህት፣ የት ነሽ?» አለ ሾፌሩ ዞር ብሎ።

«ትምህርት ቤቱ ጋ።»

«እሱን እኮ አልፈነዋል! ለምን ዝም አልሽ?» ከዚያ ቲሸርቴን አየ። «የሆሳዕና ደጋፊ ነሽ? በዚህ ድምፅሽ ነው ነገ የምትደግፊው?» እየሳቀ መልሶ እስከ በሩ ድረስ አደረሰኝ። ለመመለሻው ሒሳብ ስሰጠው «ተዪው፤ ነገ ታለቅሺያለሽ፣ ሶፍት ግዢበት» አለኝ።

የአስቴር አማት እማማ አማረች በሩ ላይ ጠበቁኝ። አገላብጠው ሳሙኝ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር ቢኖር መብላት ነው። ቆጮ በአይብና በጎመን፣ ቀጥሎ ቡላ በወተትና በቅቤ። እኛ አተካና ብለን ለክብር እንግዳ የምንሠራውን የሚመስል ነው፤ የእሳቸው ግን ቅቤው ይበዛል። ጠገብኩ ስል «የመንገድ ሰው አይጠግብም» ይሉና ይጨምሩልኛል።

«ወንድምሽስ የት አረፈ?» አሉኝ።

«ማርቆስ ከቡድኑ ጋር ሆቴል ነው፣ እማማ።»

ከጓዳ በኩል «አቤት!» የሚል የወንድ ድምፅ መጣ። አስቴር ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ። የባሏ አባት ሽማግሌው ብቅ አሉ። ለካ የእሳቸውም ስም ማርቆስ ነው! በእኛም ሆነ በእነሱ ዘንድ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም በአፏ አትጠራም፤ ነውር ነው። አስቴር ከተዳረች ጀምሮ ወንድማችንን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ያ ልጅ ደህና ነው?» «ያ የእናቴ ልጅ ኳሱን አልተወም?» ስትል ዘመናት ሙሉ የምሰማው ለዚህ ኖሯል፤ እኔ አመሏ ይመስለኝ ነበር። አፍሬ መሬት ልገባ ደረስኩ። ሽማግሌው ግን «ሞክሼዬ ነዋ! ጥሩ ስም ነው፤ ነገ በሦስት ጎል የሚሸነፍ ጥሩ ስም» ብለው ሳቁ።

ከእራት በኋላ ዕቃ ስናጥብ አስቴር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ካላለፉ ይሄዳል አይደል?» አለችኝ። ማርቆስ እንዳልነግራት አስምሎኝ ነበር።

«ደሳለኝ ነግሮኛል። ቦታ አዘጋጅቶለታል።» ሳህኑን ደጋግማ አጠበችው። «ልጄን ‹አባትሽ የት ነው?› ሲሏት ምን እንደምታደርግ ታውቂያለሽ? ስልኩን ታመጣለች።»

ቅዳሜ

ሜዳው የእኛን ዓይነት ነው፤ መቀመጫ የለውም፤ ዙሪያውን ገመድ ተስቧል። የእኛ ሆሳዕና ዙሪያው ለጥ ያለ ስለሆነ ከኋላ የቆመ ሰው ከፊቱ ካለው ሰው ጀርባ በቀር ምንም አያይም። የእነሱ ግን በአንድ በኩል ዳገት አለው፤ ሣር ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ማየት ነው። ይህን ዳገት ለእኛ ለእንግዶቹ ሰጡን። እነሱ ፀሐይ ፊት ለፊት በሚመታው በወዲያኛው በኩል ቆሙ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እዚያው መስመሩ ዳር በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ የደሳለኝ አባትም ከዘራቸውን ይዘው መሃላቸው ነበሩ።

አስቴር ከእኔ ጋር መጣች። እማማ አማረችም መጡ። የዱራሜ ደጋፊ ሆነው በቢጫ ለባሾች መሃል ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀመጡ።

«እማማ፣ የእርስዎ ሰዎች እኮ ወዲያ ናቸው» አላቸው ጋሽ ታደለ።

«አውቃለሁ። እንግዳዬን ብቻዋን ትቼ የት እሄዳለሁ?» አሉ። «አንተ ጩኸትህን ጩህ፤ እኔ በሆዴ እደግፋለሁ።»

ጋሽ ታደለ ማጉያውን አነሣ። «ማን ያሸንፋል?» ሲል «እኛ!» አልን፤ በመጨረሻ ገብቶናል። ደስ ብሎት «ድሉ የእኛ ነው!» ብሎ ጨመረ። ይሄኔ ከወዲያኛው በኩል፣ ከዱራሜ እናቶች መሃል፣ «አሜን!» የሚል ድምፅ በአንድነት መጣ። ልማድ ነው፤ እነሱም ቸርች ነው ያደጉት። የእነሱ አስጨፋሪ ዞሮ «ለማን ነው አሜን የምትሉት!» እያለ ሲቆጣ ሜዳው ሁሉ ሳቀ፤ ዳኛውም ሳይቀር።

ከዚያ በኋላ ግን ሳቅ ጠፋ። በመጀመሪያው ግማሽ አንዲት ኳስ በእኛ ዳገት ሥር፣ ከመሃል መስመሩ አጠገብ ወደ ውጭ ተንከባለለች። የእኛ ልጅ የምትወጣ መስሎት ተዋት። ኳሷ ግን መስመሩ ላይ እንደ ደረሰች ቀጥ ብላ ቆመች። የእነሱ ፈጣን ልጅ ከኋላው መጥቶ ወሰዳት፣ ወደ መሃል ላካት፣ ገባች። ወዲያኛው በኩል ተናወጠ። እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። ኳሷን ማን አቆማት?

አስቴር አንገቷን ደፍታለች። «ምንድን ነው?» አልኳት። እማማ አማረችን በጎን አየቻቸው። እማማ አማረች ደግሞ ተራራውን ያያሉ።

ኋላ እንዳወቅሁት እዚያ ቦታ ላይ ውሃ ይቋጥራል። ሣሩ ሸፍኖት ስለሚበቅል ለእንግዳ ዓይን አይታይም። የዱራሜ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አስቴርም ወፍጮ ቤት ስትሄድ በዚያ ነው የምታቋርጠው።

ከእረፍት በኋላ ጎን ሲቀያየሩ ማርቆስ በእኛ በኩል መጣ። ፊቱ ላይ ላቡን አየሁት፤ ዞር ብሎ አላየንም። ብዙ ሳይቆይ ከማዕዘን በተመታች ኳስ የእኛ ረጅሙ ልጅ በጭንቅላቱ አስቆጠረ። አንድ ለአንድ። ጋሽ ታደለ ጭቃ በጠጣው ሱሪው ዘለለ። ከዚያ ማርቆስ አንድ ጎል የሚሆን ኳስ ተንሸራቶ አዳነ፤ ዳገቱ በሙሉ «ማርቆስ! ማርቆስ!» እያለ ስሙን ይጠራ ጀመር። ከወዲያኛው በኩል ሽማግሌው ማርቆስ ከበርጩማቸው ተነሥተው ከዘራቸውን እያወዛወዙ ሰላምታ ሰጡን። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። አቻ ማለት መሄድ ማለት ነው። ሰዓቱም እያለቀ ነበር።

አሰልጣኛችን እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆሟል። ዱራሜዎቹ ሁሉም ወደ ፊት መጡ። አንዲት ረጅም ኳስ ተመታችና ወደ እኛ ዳገት ሥር ተንከባለለች። ማርቆስ ከኳሷ ጎን ለጎን ሮጠ፤ የምትወጣ መስሎት ቆመ፤ ለዳኛው «የእኛ ናት» ብሎ እጁን አነሣ። ሁሉም ሰው ትንፋሹን የሚሰበስብባት ቅጽበት ነበረች፤ ሜዳው ጭጭ አለ። ያ ፈጣን ልጅ ግን መሮጡን አላቆመም። የት እንደምትቆም ያውቃል።

አስቴር ብድግ አለች።

«ማርቆስ! ኩሬው! አትልቀቃት!»

የእኅቴን ድምፅ እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም። አምበሪቾ ድረስ የደረሰ ይመስለኛል። ማርቆስ ዞረ። ኳሷ ውሃው ውስጥ ቆማለች፤ ልጁ ሊደርስባት ነው። ማርቆስ ቀደመውና ውሃውንም ጭቃውንም ኳሱንም አንድ ላይ መታ። ኳሷ በሁሉም ራስ ላይ አልፋ ሄደች። የዱራሜ ተከላካዮች ሁሉ ወደ ፊት ስለመጡ ከኋላ ማንም አልነበረም፤ የእኛ አጥቂ ብቻውን ከመሃል ተነሥቶ ሮጠ፤ በረኛውን አታለለ፤ አገባት።

ከዚያ የማስታውሰው አንድ ሰው አቅፌ እየዘለልኩ በሙሉ አፌ ስጮህ ነው። ያቀፍኳቸው እማማ አማረችን ነበር። የተሸነፉት እሳቸው መሆናቸውን ረስቼዋለሁ። እሳቸውም አብረውኝ ይዘላሉ፤ ከያዝኳቸው አልለቀቅኳቸውምና ምን ያድርጉ!

ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ ልጆቻችን ጭቃው ላይ ተነጠፉ። ጋሽ ታደለ በማጉያው ለመናገር ሞክሮ ማልቀስ ብቻ ተሰማ። አስቴር ግን ነጠላዋን በፊቷ ላይ ጎትታ ተቀምጣለች፤ ያደረገችው አሁን ገብቷታል።

«አንቺ» አሏት እማማ አማረች፤ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ኩሬውን ነገርሽባቸው!»

«እማማ፣ እኔ—»

«የከተማውን ምሥጢር! በአደባባይ!»

ስለ ስሙ አንድም ነገር አላሉም። ወዲያው ሽማግሌው ሜዳውን በከዘራቸው እየተደገፉ አቋርጠው መጡ። አስቴር ተነሥታ አንገቷን ደፋች።

«ማን ነው የጠራኝ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ። ይቅር ይበሉኝ። የጠራሁት ወንድሜን ነው።»

«እኔም ዞሬአለሁ እኮ። ኩሬ ውስጥ የገባሁ መስሎኝ እግሬን አየሁ።» ከዚያ ፊቷን አይተው ሳቃቸውን ተዉ። «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የጮኽሽው? ኳስ ነው እኮ።»

«ባያሸንፉ ኖሮ እንደ ደሳለኝ ሊሄድ ነበር።»

ሽማግሌው ወደ ሜዳው ዞሩ። ሜዳው ላይ ማርቆስን ጓደኞቹ ተሸክመውት ይዞሩ ነበር።

«ደሳለኝ የሄደ ቀን» አሉ፣ «ይህ ሁሉ ሰው ቤታችን ነበር። መረቅን፤ ሸኘን። ‹ተመለስ› ብሎ የጮኸ ግን አንድም ሰው የለም፤ እኔም አልጮህኩም።» ከዘራቸውን አስቴር ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ። «ደግ አድርገሽ ጠራሽው፣ ልጄ። ዳግመኛ ግን በዚህ ስም ከጠራሽው ቀስ ብለሽ ጥሪው፤ እኔ ሽማግሌ ነኝ።»

ያን ዕለት ማርቆስ እራት የበላው ከእኛ ጋር ነው። እማማ አማረች «ኩሬያችንን የጠጣ» እያሉ አጎረሱት። ደሳለኝ በየቅዳሜው እንደሚያደርገው ሲደውል ስልኩን ማርቆስ አነሣው።

«አልመጣም፣ ደስዬ። አልፈናል። ኩሬያችሁንም ነግረውኛል» አለ።

ደሳለኝ «ያ ውሃ የሚቋጥረው ቦታ አሁንም አለ?» ሲል ሁላችንም ሰማነው። «እኔም በዚያ ስንቱን ጎል አስገብቻለሁ! ማን ነገረህ?»

ማርቆስ ስልኩን ለአስቴር ሰጣት። እሷ ይዛው ወደ ጓሮ ወጣች። ስትስቅም ስታለቅስም ከዚያ ይሰማ ነበር።

እሑድ

ጠዋት እማማ አማረችና ሽማግሌው ቅዳሴ ሄዱ። እኔ ከቡድናችን ጋር ቸርች ሄድኩ። ሌላ የሚለበስ ስላልያዝን አብዛኞቻችን ያው ቢጫ ቲሸርታችንን ለብሰናል። ከመዝሙሩ በኋላ የፕሮግራሙ መሪ እኛም ቸርች እንደሚባለው «እንግዶች ካላችሁ ተነሥታችሁ እንያችሁ» አለ። ሁለት አግዳሚ ወንበር ሙሉ ቢጫ ሰው ተነሣ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

«ከየት ናችሁ አልላችሁም» አለ መሪው። «ትናንት ተዋውቀናል። ከእናንተ አንድ ሰው ሰላምታ ያቅርብልን።»

ጋሽ ታደለን አየሁት፤ ድምፁ ጭራሽ ጠፍቶ ጉሮሮውን ያሳያል። ሙዝ ነጋዴዋ በክርኗ ገፋችኝ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ማይኩ እጄ ውስጥ ነበር።

«የሆሳዕና ቅዱሳን ሰላም ብለዋችኋል» አልኩ። ድምፄ ወጣ። «መኪናችንን ከጭቃ አውጥታችሁልናል። አብልታችሁናል። ዳገቱንም ሰጥታችሁናል። ወንድሜንም…» ወደ ማርቆስ ዞርኩ። «ጌታ ይባርካችሁ።»

«አሜን!» አሉ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው ለእኔ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ስንመለስ ማርቆስ በእኛ ቅጥቅጥ ገባ። ከጎኔ ተቀምጦ እንቅልፍ ወሰደው፤ ራሱ በየጉድጓዱ ትከሻዬን ይመታል። መኪናው ሁሉ እየዘፈነ ነበር፤ ሦስት ቀን ለፍተን አንድ ዘፈን ለምደናል። በጭቃው ቦታ ስናልፍ ድንች ያበሉን ሽማግሌ ከጓሯቸው ሆነው «ተሸነፋችሁ?» ብለው ጮኹ፤ ሾፌሩ በጡሩምባ መለሰላቸው።

እናቴ በር ላይ ነበረች። ማን እንዳሸነፈ አልጠየቀችም። የማርቆስን ፊት አየችና ወደ ውስጥ ገብታ እሳት አያያዘች።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሻይ ቤት ልወጣ ስል ደላላው መጣ። ጫማዬን እያሰርኩ ስለነበር ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ።

«ልጁስ፣ እናቴ? ተዘጋጀ?»

«ልጄ የለም» አለች እናቴ። «ሥራ ሄዷል።»

«ሥራ? የምን ሥራ?»

«እንዴ! አልሰማህም እንዴ? ከተማው ሁሉ ሰምቷል» አለች፤ ድምፅዋን ጎረቤት እንዲሰማው ከፍ አደረገች። «ልምምድ ላይ ነው!»